ሳነቴን የሚያቋርጠው መንገድ የፓርኩ አካል ሆኖ ይተዳደር

ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለስልጣን
ለኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር
ለባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት
በሳነቴ ለምታልፉ ሾፌሮችና ሞተረኞች ሁሉ

ጉዳዩ፦ ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ በፓርኩ ክልል ውስጥ ስለሚተዳደርበት ሁኔታ

የተከበራችሁ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፤

በሞተር ሳይክል ብቻዬን አገር የምዞር ሰው ነኝ። ከሻሸመኔ ተነስቶ በኮፈሌ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርጎ ዲንሾ የሚገባውን፣ ከዚያም በሮቤና በጎባ አልፎ ሳነቴ አምባ ላይ የሚወጣውን፣ በመጨረሻም በሪራና በሐረና ጫካ በኩል ወደ ደሎ መና ቆላ የሚወርደውን መንገድ አውቀዋለሁ። ማንም ተራ መንገደኛ በጠራራ ፀሐይ፣ ከመንገዱ ሳይወጣ፣ ቀይ ቀበሮ ሲያድን ሊያይ የሚችልበት ሌላ እንዲህ ያለ መንገድ በአገራችን አላውቅም።

የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። ይህ መንገድ ፓርኩን አቋርጦ እንደሚያልፍ ተራ የሕዝብ መንገድ ሳይሆን እንደ ፓርኩ አካል ይተዳደር። የሚነዳበት ፍጥነት፣ የሚታለፍበት ሰዓት፣ የሚቆምበት ቦታና የሚጠገንበት መንገድ በግራና በቀኙ የሚኖሩት እንስሳት ታስበው ይወሰኑ። የቀረው የደብዳቤዬ ክፍል ይህን ለምን እንደምጠይቅና እንዴት ሊሆን እንደሚችል የማስረዳበት ነው።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ሲቋቋም በተለይ የታሰቡት ሁለት እንስሳት ነበሩ፤ የደጋ አጋዘንና ቀይ ቀበሮ። ስፋቱ 2,150 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ከዚህ ከፍታ የሚነሱት ወይብ፣ ገናሌ፣ ወልመልና ሌሎቹም ወንዞች በቆላው ኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በሰሜን ኬንያ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብና ከብት ያጠጣሉ። እንግዲህ የምንነጋገረው የሦስት አገር ሕዝብ ውኃ ስለሚጠብቅበት ተራራ ነው።

ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው ፓርኩ የሚጀምረው ዲንሾ ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። አስፋልቱ እዚያ የጋይሳይን ሜዳ ይታከካል። ጠዋት በማለዳ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በዚያ የሚያልፍ ሞተረኛ የደጋ አጋዘን መንጋ፣ ከርከሮና ቦሆር መንገዱ ዳር ድረስ ወጥተው ሲግጡ ያያል። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ በየትም አይገኝም። ሳይንስም ያወቀው ዘግይቶ፣ በ1910 እ.ኤ.አ. ነው። ምስሉ በ10 ሳንቲም ላይ ተቀርጾ በሁላችንም እጅ ውስጥ አልፏል። ይህ እንስሳ የሚሰማራበት ሜዳ ዳር መኪና በአስፋልት ፍጥነት ይበራል።

ከጎባ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ይወጣል። ጥዱና ኮሶው ለአስታ ቁጥቋጦ ቦታ ይለቃሉ፤ አስታውም ያልቅና ከ4,000 ሜትር በላይ የተዘረጋው ሳነቴ ይከፈታል። በአፍሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ከፍተኛ ውርጭ ምድር በዚህ ስፋት የሚገኘው እዚህ ብቻ ነው። በምዕራብ በኩል 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ ይታያል። በየኩሬው ዳር ሰማያዊ ክንፍ ያለው የአገራችን ዝይ ይውላል፤ ጅብራው በድንጋይ መሃል ቆሟል። መሬቱ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር በፍልፈል ጉድጓድ የተበሳሳ ነው። ይህ በባሌ ብቻ የሚገኘው ግዙፍ ፍልፈል አንድ ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ የቀይ ቀበሮው ዋና ቀለብም እሱ ነው።

በዚህ ከፍታ ላይ ሞተር የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚያገኘው 60 ከመቶ ያህሉ ነው። ካርቡሬተር ያለው ሞተር ከሲሶ የሚበልጠውን ጉልበቱን ያጣል፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ በዝቅተኛ ማርሽ ካልሆነ አይሄድም። ስለዚህ ሞተረኛው በግድ ይቀንሳል። እኔም ሳነቴን በእርጋታ ለማየት የቻልኩት ከዚህ የተነሳ ነው ብዬ አምናለሁ። መስታወት የለም፣ ጣሪያ የለም፤ የፍልፈሉ አፈር ሲገፋ ይታያል፣ የአየሩ ቅዝቃዜ ከሸለቆ ሸለቆ ሲለወጥ ፊት ላይ ይታወቃል። ከሁሉም በላይ ሞተሩን አጥፍቶ ዝም ብሎ መቆም ይቻላል።

አንድ ጠዋት ቀይ ቀበሮ ከመንገዱ ብዙም ሳይርቅ ሲያድን አየሁና ሞተሬን አጠፋሁ። ጆሮውን ወደ መሬት ቀስሮ፣ አንድ እግሩን አንስቶ፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ አድፍጦ ነበር። ቀይ ቀበሮ በመንጋ ይኖራል፤ ድንበሩን የሚጠብቀውም ንጋትና ምሽት ላይ ከመንጋው ጋር ነው። አደኑን ግን ቀን ቀን ለብቻው ያካሂዳል፣ በዓይኑ ብቻ ሳይሆን በጆሮውም ይመራል። ብዙም ሳይቆይ ከጎባ በኩል አንድ የጭነት መኪና እየከነፈ መጣ፤ ሾፌሩም እንስሳውን ሲያይ ፍጥነቱን ከመቀነስ ይልቅ ክላክሱን ደጋግሞ ነፋ። ቀበሮው አደኑን ትቶ ሸሸ። ሾፌሩ ክፉ ሰው ነው ብዬ አላስብም። ያለበትን ቦታ ምንነት ነግሮት የሚያውቅ ሰው እንደሌለ ግን እገምታለሁ። በሰው ግቢ ውስጥ የሚያልፍ እንግዳ ቢያንስ ግቢ ውስጥ መግባቱን ሊያውቅ ይገባል።

የአንድ ቀይ ቀበሮ ሕይወት ለምን ይህን ያህል ይከብዳል ለሚል ሰው መልሱ ይኸው። በዓለም ላይ ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያንሳሉ። ሁሉም በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ናቸው፤ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጡት ደግሞ በባሌ ይኖራሉ። በአንድ መንጋ ውስጥ በአብዛኛው የምትወልደው አንዲት መሪ እንስት ብቻ ናት፤ እሷም በዓመት አንድ ጊዜ። የቀሩት የመንጋው አባላት ግልገሎቹን በመመገብና በመጠበቅ ያግዟታል። ስለዚህ በጎማ ስር የወደቀችው እሷ ከሆነች የዚያ ዓመት ልጆች አብረዋት ሊጠፉ ይችላሉ።

በዚህ ላይ በሽታ አለ። የእብድ ውሻ በሽታ በ1984፣ በ1996 እና በ2001 ዓ.ም. አካባቢ የባሌን ቀይ ቀበሮዎች ደጋግሞ ፈጅቷል። ዲስቴምፐር የተባለው የውሻ በሽታም በየጊዜው ጎድቷቸዋል። ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም በአካባቢው ውሾችን ሲከትብ ኖሯል፤ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህም በምግብ ውስጥ የሚሰጥ ክትባት ለቀበሮዎቹ ራሳቸው መስጠት ተጀምሯል። ስካውቶችና የእንስሳት ሐኪሞች በሌሊት ብርድ እየዞሩ አንድ በአንድ የሚያድኗቸውን እንስሳት መንገዱ የሚገድልብን ከሆነ ያ ሁሉ ድካም በከንቱ ይፈስሳል። ሥጋቱም የፈጠራ አይደለም። በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣው የቀይ ቀበሮ የጥበቃ ዕቅድ በሳነቴ መንገድ ላይ በመኪና ተገጭተው የሞቱና አካለ ጎዶሎ ሆነው የቀሩ ቀበሮዎችን መዝግቧል። ያኔ በዚህ መንገድ የሚያልፈው ተሽከርካሪ ከዛሬው ጋር የሚወዳደር አልነበረም።

የጊዜውም ነገር መታሰብ አለበት። ግልገሎች የሚወለዱት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። ክረምቱ አልፎ፣ መንገዱ ደርቆ፣ እኛ ሞተረኞችና ጎብኚዎች ወደ ባሌ የምንጎርፈውም በዚያው ወቅት ነው። መንጋው ግልገሎቹን ለመመገብ ከወትሮው በላይ በሚያድንበት ወቅት በመንገዱ ላይ ያለው እንቅስቃሴ ይጨምራል ማለት ነው።

ይህን ስል መንገዱ ይዘጋ ማለቴ አይደለም። የሪራ ሰው ገበያ የሚወጣው በዚህ መንገድ ነው። ከሐረና ጫካ የሚለቀመው ቡናና ከየዛፉ ላይ ከተሰቀለው ቀፎ የሚቆረጠው ማር ወደ ጎባ የሚጓዘው በዚህ መንገድ ነው። ምጥ የያዛት እናት ከደሎ መና ወደ ጎባ ሆስፒታል የምትመጣው በዚሁ ነው። የአካባቢው ሰው ለዚህ ተራራ ከማንኛችንም የቀረበ ባለቤት ነው፤ መንገድ ማግኘትም መብቱ ነው። መንገዱ ሊሻሻል እንደሚገባም አምናለሁ። ነገር ግን ፍጥነትን እስከ ዛሬ የገታው ጠጠሩና ጉድጓዱ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። መንገዱ በተስተካከለ ቁጥር ያ ልጓም ይፈታል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚፈጀው ርቀት ወደ አራት እጥፍ ያድጋል፤ በጠጠርና በጭቃ ላይ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። በ80 የሚነዳ ሾፌር በጭጋግ ውስጥ ቀበሮውን የሚያየው መቆም ከማይችልበት ርቀት ላይ ነው። ስለዚህ ለእንስሳቱ የሚደረገው ጥንቃቄ ከመንገዱ ሥራ ጋር አብሮ መሠራት አለበት፤ መንገዱ ካለቀ በኋላ የሚጨመር ማስዋቢያ ሊሆን አይገባም።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም፤ የሠሩበት ጎረቤቶች አሉን። በታንዛኒያ ከዳሬሰላም ወደ ዛምቢያ የሚወስደው ትልቁ አስፋልት የሚኩሚን ብሔራዊ ፓርክ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ያቋርጣል። እዚያ መንገዱ ላይ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎች ተሠርተዋል፤ እንስሳ የገደለ ሾፌር እንደ እንስሳው ዓይነት የሚከፍለው ቅጣትም ለመንገደኛው በግልጽ ተለጥፏል። በዚያች አገር ሴሬንጌቲን ያቋርጣል ተብሎ የታቀደው አስፋልት የምሥራቅ አፍሪካ የፍትሕ ፍርድ ቤት ድረስ ደርሶ በ2014 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤቱ እንዳይሠራ ወስኗል። በደቡብ አፍሪካው ክሩገር ፓርክ ጎብኚዎች በአስፋልት ላይ ከ50፣ በጠጠር ላይ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ እንዲነዱ አይፈቀድም፣ በሮቹ ማታ ይዘጋሉ፣ ሞተር ሳይክል ለጉብኝት ጨርሶ አይገባም። እኔ ሞተረኛ ሆኜ ይህን የመጨረሻውን እገዳ በባሌ እንዲደገም አልጠይቅም። ሆኖም መብታችን እንዲቀጥል ከፈለግን እኛ ራሳችን ለሕግ መገዛት እንዳለብን ያስተምረኛል።

አሁን በዝርዝር የምጠይቀውን ላቅርብ።

አንደኛ፣ በፓርኩ ክልል ውስጥ ለሚገኘው የመንገድ ክፍል ሁሉ፣ የጋይሳይን አስፋልት ጨምሮ፣ የራሱ የፍጥነት ወሰን ይደንገግ። በሳነቴ ላይ 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት በቂ ነው። ምልክት ብቻውን ፍጥነት ስለማይቀንስ፣ እንስሳት ዘወትር በሚያቋርጡባቸው ቦታዎች ላይ ጉብታ ይሠራ። ቦታዎቹን የፓርኩ ስካውቶች በደንብ ያውቋቸዋል፤ መሐንዲሶቹ እነሱን ይጠይቁ።

ሁለተኛ፣ ከምሽት እስከ ንጋት የጭነት መኪና በሳነቴ እንዳያልፍ ይደረግ። አምቡላንስና አስቸኳይ ጉዳይ ያለው ሰው ግን በማናቸውም ሰዓት ይለፍ።

ሦስተኛ፣ በጎባ በኩልና በሐረና በኩል ባሉት መግቢያዎች ላይ እያንዳንዱ ተሽከርካሪ ይመዝገብ፤ ሾፌሩም በኦሮምኛና በአማርኛ አጭር ማስገንዘቢያ ይሰጠው። ይህ ለእንስሳቱ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። በሳነቴ ላይ ጭጋግና በረዶ በድንገት ይወርዳሉ፣ ሌሊቱም ከዜሮ በታች ይቀዘቅዛል። በአንደኛው በር ገብቶ በሌላኛው ያልወጣ ብቸኛ ሞተረኛ መኖሩ ከታወቀ ሳይመሽ ይፈለጋል።

አራተኛ፣ ከመንገድ ወጥቶ መንዳት ለማንኛውም ተሽከርካሪ፣ በተለይም ለሞተር ሳይክል፣ በግልጽ ይከልከል። መኪና ሊገባ የማይችልበት ቦታ ሞተር ስለሚገባ የእኛ ጉዳት ሩቅ ይደርሳል። በውርጭ ምድር ላይ ሣርና ቁጥቋጦ የሚያድገው እጅግ በዝግታ ነው፤ ጎማ የፈጨው መሬት ቶሎ አያገግምም፣ ከሥሩም የፍልፈሉ ጉድጓድ ይደረመሳል። በምትኩ ማየት ለሚፈልግ ሰው በተመረጡ ቦታዎች ላይ ማቆሚያ ይዘጋጅ።

አምስተኛ፣ በመንገዱ ላይ የተገጨ እንስሳ ሁሉ፣ ከቀበሮ እስከ ጥንቸል፣ ቦታውና ሰዓቱ ተመዝግቦ በየዓመቱ ለሕዝብ ይገለጽ። ሳይመዘገብ የቀረን ጉዳት ማንም አያርመውም።

ስድስተኛ፣ ወደፊት በዚህ መንገድ ላይ የሚደረግ ማሻሻያ ወይም ጥገና ሁሉ ከመጀመሩ በፊት የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለስልጣንና የመንገዶች አስተዳደር በጋራ ይፈርሙበት፤ ለእንስሳቱ የሚደረገው ጥንቃቄም በተቋራጩ ውል ውስጥ ይግባ። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። አዋጁ መሬት የሚነካው እንዲህ ባለ ሥራ ነው።

ሰባተኛ፣ በሮቹን የሚጠብቁ፣ መንገደኛውን የሚመዘግቡና ማቆሚያዎቹን የሚንከባከቡ ሰዎች ከሪራ፣ ከጎባና ከዲንሾ ወጣቶች መካከል ይቀጠሩ። ቀበሮው በሕይወት በመኖሩ ቤተሰቡ እንጀራ የሚበላ ወጣት ከማንኛውም ሕግ የበለጠ ጠባቂ ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ያለው ቃሌ እንደ እኔ ሞተር ለምትነዱ ወንድሞቼና እህቶቼ ነው።

ሳነቴ የውድድር ሜዳ አይደለም። ጎባ ላይ ነዳጃችሁን ሙሉ፣ ጎማችሁን አስፈትሹ፣ ካሜራዳሪያና መጠገኛ ያዙ፤ በአምባው ላይ ጎሚስታ የለም። ብቻችሁን ከሆናችሁ የት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትደርሱ ለሰው ነግራችሁ ውጡ። ረፋድ ላይ ውጡ፣ ከሰዓት በኋላ ከሚመጣው ዝናብና ጭጋግ በፊት ውረዱ። ድምፁ እንዲያገሳ ማርሚታው የተበሳ ሞተር ወደዚያ አትውሰዱ፤ በጆሮው የሚያድን እንስሳ መሃል ነው የምትገቡት። በቡድን የምትሄዱ ከሆነ ተራርቃችሁ ንዱ። እንስሳ ስታዩ ከመንገዱ ሳትወጡ ቁሙ፣ ሞተራችሁን አጥፉ፣ ክላክስ አትንፉ፣ ለፎቶ ብላችሁ አትከተሉ። የምግብ ትራፊ አትጣሉ፤ ትራፊ ውሻ ይስባል፣ ውሻ ደግሞ በሽታውን ይዞ ይመጣል። ወደ ሐረና ስትወርዱም አትፍጠኑ። የቀርከሃው አካባቢ የባሌ ጦጣ መኖሪያ ነው፤ በጫካው ውስጥ አንበሳና ተኩላ አሉ፤ መንገዱ ጠመዝማዛ፣ ጥላውም ድቅድቅ ነው። ሪራ ላይ ቁሙና ቡና ጠጡ፣ ማር ግዙ፣ ከሰው ጋር ተጫወቱ። ያ መንደር ከጉዟችን ሊጠቀም እንጂ አቧራችንን ብቻ ሊቀበል አይገባም።

ለጭነት መኪናና ለሚኒባስ ሾፌሮችም የምለው ይህንኑ ነው። ከናንተ የሚጠየቀው በአምባው ላይ ጥቂት ደቂቃዎችን መታገስ ብቻ ነው። የሚድነው ግን ቢጠፋ ከየትም አገር ተገዝቶ የማይተካ ፍጡር ነው።

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፤ የጠየቅሁት ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ጉብታ፣ በር፣ መዝገብ፣ ማስገንዘቢያ፣ የሁለት መሥሪያ ቤቶች ፊርማ፤ ይኸው ነው። ባሌን በዓለም ቅርስነት ስናስመዘግብ ለልጆቻችንም ለዓለምም ቃል ገብተናል። ቀይ ቀበሮ ሌላ አገር የለውም። ስለዚህ ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ከፓርኩ ጽሕፈት ቤትና ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ተቀምጣችሁ፣ መጪው የግልገሎች ወቅት ከመድረሱ በፊት፣ ለዚህ መንገድ የራሱን መተዳደሪያ ደንብ እንድታወጡለት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
ሳነቴን በሞተር የሚያቋርጥ አንድ ዜጋ
አዲስ አበባ